ሶፋው ስፖንሰር ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለጠዋት ፕሮግራሙ እንግዳ አድርጎ ጠራኝ። ስሙን ተዉት። ስቱዲዮ ስገባ መጀመሪያ የሰማሁት «እንኳን ደህና መጡ» አልነበረም። «ሶፋው ስፖንሰር ነው፣ ማኪያቶውን እዚያ ጋ ጠጥተው ይምጡ» ተባልኩ። ጠጥቼ መጣሁ።

ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አንድ የታሸገ ውሃ አስቀመጡ። አንድ ልጅ መጣና ጽሑፉን ወደ ካሜራው አዞረው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ልጅ መጣና ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው። ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ጠማኝና ተጎነጨሁ። ሳስቀምጠው ጽሑፉ ወደ እኔ ዞሮ ኖሯል፣ ቀረጻ ቆመ። ብቻ ወሬውን ስንጨርስ ጠርሙሱ አራት ጊዜ ተስተካክሏል። ጥያቄዎቹን ግን ያስተካከላቸው ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው «እስኪ ራስዎን ለተመልካቾቻችን ያስተዋውቁ» የሚል ነበር። አዘጋጇ ለምን እንደተጠራሁ የጠየቀችኝ ካሜራው ሊበራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ልጅቷን አልወቅሳትም። በዚያ ጠዋት ሦስት እንግዳ ነበራት። ማስታወቂያ የምታነበው እሷ፣ እንግዳ የምትጠራው እሷ፣ ስፖንሰር ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የምትዞረውም እሷው ናት። ስትሸኘኝ «የሚያውቁት ድርጅት ካለ አገናኙን» አለችኝ።

ስለ አዲሶቹ ጣቢያዎቻችን ድክመት ሲወራ «ባለሙያ የለም»፣ «ገንዘብ የለም» ይባላል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። የኔ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ጣቢያ መሆኑን ትተው ቤት አከራይ ሆነዋል።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጣቢያው የአየር ሰዓት አለው። አንድ ሰው ወይም አንድ አነስተኛ ድርጅት ይመጣና በሳምንት አንድ ሰዓት ይገዛል። ይህ ሰው «ተባባሪ አዘጋጅ» ይባላል። ካሜራውን፣ እንግዳውን፣ ኤዲተሩን፣ ስፖንሰሩን ራሱ ያመጣል፣ ኪራዩን ይከፍላል፣ የተረፈችውን ይዞ ይሄዳል። ጣቢያው ደግሞ ኪራይ በሰዓቱ መግባቱን ይከታተላል። ፕሮግራሙ ጥሩ ነው ወይ? ተመልካች ይፈልገዋል ወይ? ባለፈው ሳምንት ከቀረበው በምን ይለያል? ይህን የሚጠይቅ ሰው መሃል ላይ የለም። ተከራይ ግድግዳውን ምን ዓይነት ቀለም ቢቀባው አከራዩን ምን አገባው?

ታዲያ ስፖንሰር የሚገኘው በምንድን ነው? እዚህ አገር ማን ምን እንዳየ በየቀኑ የሚነግር፣ ጣቢያውም አስተዋዋቂውም አምኖ የሚቀበለው ልኬት የለም። ስለዚህ ገንዘቡ የሚመጣው በትውውቅ ነው። ወይ በዩቲዩብ ቁጥር ነው። በዩቲዩብ ቁጥር ከሆነ ደግሞ እንባ ያስፈልጋል። ሴትየዋ ማውራት ስትጀምር ካሜራው ወደ ዓይኗ ይጠጋል፣ ፒያኖው ይገባል፣ ዝምታ ይሆናል፣ ከዚያ ማስታወቂያ። ሰው ሲያለቅስ በዳይፐርና በቀለም ማስታወቂያ ማቋረጥን እንዴት እንደለመድነው እኔ አይገባኝም።

እርግጥ የኑሮውም ነገር ከባድ ነው። የቢራ ፋብሪካዎች ለእነዚህ ጣቢያዎች ምን ያህል ምሰሶ እንደነበሩ የታወቀው በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጁ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲያስወጣ ነው። አዋጁን እደግፋለሁ። ልጆች ተቀምጠው ነው የሚያዩት። ግን አንድ ማስታወቂያ ሲወጣ ስንት ፕሮግራም አብሮ እንደወጣ አየን። ጣቢያዎቹ የሚያሰራጩበት ሳተላይትም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲቀየር 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የማስታወቂያ ዋጋ በዚያ ፍጥነት አይጨምርም። ካሜራ ማን ጓደኛዬ ደመወዙ ሁለት ወር ሲዘገይ «ሳተላይቱን ከፍለን ነው» ተብሏል። ደመወዙ ህዋ ላይ እየተንሳፈፈ ነው እንላለን።

ድሮ አንድ ጣቢያ ነበረን። ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚያሰራጨው ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ነበር። የሁለት ሰዓት ዜና ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር፣ ምርጫም አልነበረም። ከዚያ መቀመጫውን አሜሪካ ሜሪላንድ ያደረገው ኢቢኤስ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ቃና መጣ። በዚያው ግድምና ከዚያ በኋላ ናሁ፣ ጄቲቪ፣ ፋና፣ ኤልቲቪ፣ አርትስ፣ አሻም፣ ባላገሩ፣ አባይ፣ ስንቱ ይቆጠራል። በ2012 ዓ.ም. የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው የሳተላይት ስርጭት ሲዛወሩ ከተማው ሙሉ ዲሽ አዙሯል። የእናቴን ያዞረው ልጅ ጣሪያው ላይ ሆኖ «ማዘር ገባ?» ሲል እሷ ከታች «ገባ! ኸረ ብዙ ነው!» ስትል አስታውሳለሁ። ደስታዋ እውነተኛ ነበር። ሪሞቱን ይዛ ከላይ እስከ ታች ሄደች። ከታች እስከ ላይ ተመለሰች። የለመደችው ላይ አረፈች።

ስለ ቃና አንድ ነገር ልበል። ሲጀምር የኪነ ጥበብ ባለሙያዎቻችን ወደ አማርኛ በተተረጎመው የቱርክ ድራማው ተቆጡ። ስጋታቸው ገብቶኛል። የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። ግን እናቴን ያስቀመጣት የቱርኮቹ ቁንጅና ብቻ አይመስለኝም። ድራማው በተባለው ሰዓት ይጀምር ነበር። ትናንት የቆመበት ላይ ዛሬ ይቀጥላል። «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» የለም። ድምፁ ይሰማል። ይህን ለማድረግ ቱርክ መሆን አያስፈልግም። ከቃና የተቀዳው ግን ትርጉሙ ነው፣ ሰዓት ማክበሩን የቀዳ ጣቢያ ብዙ አላየሁም።

ችሎታ የለም የሚለውን አልቀበልም። ፋና ላይ ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ አገሩን ሁሉ ሲሸነቁጥ አይተናል። አርትስ ላይ የታየው «እረኛዬ» ደግሞ ከሳሎን ወጥቶ ገጠር ወረደ። ቦታውም፣ ንግግሩም፣ ዝምታውም ታስቦበት ነበር። ሌሎቹ ድራማዎች ግን ከዚያ ሶፋ አይነሱም። አንድ ሳሎን፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ መኪና። ትልልቅ ነገር ሁሉ የሚሆነው በስልክ ነው። አባትየው ሲሞት በስልክ እንሰማለን። ቤት ሲቃጠል በስልክ እንሰማለን። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ከቤት መውጣት ገንዘብ ነው።

ዜናውን አልፈዋለሁ። ሆቴል፣ አዳራሽ፣ ባነር፣ «ባለድርሻ አካላት»፣ ሻይ ቡና። ስምንት ጣቢያ አንድ ዓይነት ወሬ በአንድ ዓይነት ቃል ካነበበ ሰባቱ ለምን አስፈለጉ?

የበዓል ዝግጅትን ግን አላልፈውም። ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ረከቦት ቀርቧል። ከረከቦቱ አጠገብ፣ ማንም ቡና ሲያፈላ የማያስቀምጠው የዘይት ጀሪካን ተቀምጧል፣ ጽሑፉ ወደ እኛ። ሁሉም ነጭ ለብሷል። የእንቁጣጣሹ ዝግጅት የተቀረጸው ነሐሴ ላይ ነውና ዝናቡ ድንኳኑን ሲደበድበው ይሰማል፣ አዘጋጁ ግን «መስከረም ጠባ፣ ክረምቱ አለፈ» እያለ ይስቃል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። «በልጅነትህ በዓልን እንዴት ነበር የምታሳልፈው?» ባለፈው ዓመት በዓል አንድ ኮሜዲያን በሦስት ጣቢያ አየሁ። በሦስቱም በዚያው ሸሚዝ ነው። በሦስቱም በልጅነቱ የበዓል በሬ አባሮት ቦይ ውስጥ የገባበትን ታሪክ ነገረን። በመጀመሪያው ጣቢያ ወይፈን ነበር። በሦስተኛው ትልቅ ሰንጋ ሆኗል።

ልጆቹስ? የበዓል ቀን የሚቀርበው ሙዚቃ የአዋቂ፣ ቀልዱ የአዋቂ፣ ወሬው የአዋቂ ነው። አባባ ተስፋዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» እያሉ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ነገሩን። አንድ ወንበርና አንድ ሽማግሌ ይበቃ ነበር። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በአንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት ስንቱን ልጅ ፊደል አስቆጠረ። አሁን አዳዲሶቹ ጣቢያዎች ጋ የልጆች ፕሮግራም ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከውጭ የመጣ ካርቱን ነው፣ ያውም ሳይተረጎም። ተባባሪ አዘጋጆቹን ብትጠይቁ «ስፖንሰር የለውም» ይሏችኋል። የስድስት ዓመት ልጅ አፓርታማ አይገዛም፣ የባንክ ሒሳብ አይከፍት። በኪራይ ሒሳብ ልጅ ተመልካች አይደለም። ጣቢያው ራሱ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ከሪል እስቴቱ ሰዓት ቀንሶ ለልጁ ግማሽ ሰዓት ይሰጠው ነበር። አከራይ ግን እንዲህ አያስብም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» የሚለኝ አይጠፋም። አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ባለቤቶቹ እንደማይወዱት አውቃለሁ። ሃያ አራት ሰዓት ማሰራጨት ተዉ። ማን አስገደዳችሁ? ሃያ አራቱን ሰዓት ለመሙላት ስትሉ ነው የተገኘውን ሁሉ የምታስገቡት፣ አንዱን ቃለ መጠይቅ ሦስት ጊዜ የምትደግሙት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመሬት ሽያጭ የምታሳዩን። ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አምስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው። ለዚያ ብቻ አዘጋጁ። ግማሽ ሰዓት ለልጆች፣ አንድ የራሳችሁ ዜና ዘጋቢው ከሆቴል ወጥቶ የሠራው፣ አንድ ድራማ፣ ጥያቄ ተዘጋጅቶበት የመጣ አንድ ቃለ መጠይቅ። ሌላውን ሰዓት የያዘውን ሠራተኛና ገንዘብ ወደዚህ አምጡት። ስፖንሰሩም ይመጣል፣ ውሃውም ይቀመጥ። ጠርሙሱን ከሚያስተካክሉት ሁለት ልጆች አንዱ ግን ጥያቄውን ያንብብ።

ለቀሪው አሥራ ስምንት ሰዓት አትጨነቁ። ድሮ ፕሮግራም መሃል ክፍተት ሲፈጠር የሚለቀቅ ነገር ነበር፤ የሆነ ፏፏቴ፣ የሆነ ተራራ፣ ከሥሩ ዋሽንት። እሱን ልቀቁልን። እናቴ ሪሞቱን አስቀምጣ ቡናዋን ታፈላለች።