ያልተያዘው ግብረ አበር

የመርማሪ ፖሊስ ልብ ወለድ ከሆነ አይቀር ጨለማ ያለበትን ነው የምወደው። ሬሳው በሩ ከውስጥ በተቀረቀረ ክፍል ይገኝ። ውሻ ያላዝን። መብራት ድርግም ይበል። ከሞተች ዘመን የሆናት ሴትዮ ነጭ ለብሳ ደረጃው ላይ ትታይ። ኢንስፔክተሩ ኮቱን ደርቦ ይምጣና ማስታወሻውን ያውጣ፤ እኔ ደግሞ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ሽንት ቤት መሄድ እየፈራሁ ላንብብ። ለመፍራት ገንዘብ ከፍያለሁ፣ ልፍራበታ!

ችግሩ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። እንግሊዞቹ እዚያ ሲደርሱ ነገሩን ያበላሹታል።

የሼርሎክ ሆልምስን የባስከርቪል ውሻ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1901 እና 1902 በመጽሔት በተከታታይ የወጣ ታሪክ ነው። ዳርትሙር የሚባል ጭጋግ የማይለየው፣ ረግረግ የበዛበት አገር አለ። እዚያ የሚኖር አንድ የባላባት ዘር ላይ እርግማን ወርዷል፤ ከሲኦል የመጣ ውሻ ያሳድዳቸዋል ይባላል። ሽማግሌው ጌታ በድንጋጤ ብቻ ሞተው ተገኙ። ከሬሳው ራቅ ብሎ የውሻ ዱካ አለ፤ ያውም ከልክ ያለፈ ትልቅ። እንዴት ደስ ይላል! ከዚያ ሆልምስ ይመጣል። ለካ ውሻው ውሻ ነው። ለንደን ተገዝቶ የመጣ፣ አፉ ላይ በጨለማ የሚያበራ ፎስፈረስ የተቀባ ውሻ። ቀቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎረቤት። ቢራቢሮ በመረብ ሲያሳድድ የሚውል፣ ሚስቱን እህቴ ናት እያለ የሚኖር፣ በስውር የሟቹ ዘመድ የሆነና ንብረቱን የቋመጠ ሰው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ጭጋግ ለውርስ ክርክር ነበር። የውርስ ክርክር እኮ እኛ ዘንድ ሞልቷል፤ ያለ ጭጋግ። አክስቴ ብትሆን ገና አንደኛው ምዕራፍ ላይ «ወራሹ ማነው?» ብላ መጽሐፉን ትከድነው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ከእሷ በላይ የሚኖርበት ሰው አላውቅም።

መናፍስቱን ከመርማሪ ልብ ወለድ እንዲባረሩ ያዘዘው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ቄስ! ሮናልድ ኖክስ የሚባሉ እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዓይነት ድርሰት ዐሥር ትእዛዝ አወጡ። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ስውር ክፍል ከአንድ በላይ አይፈቀድም። መርማሪውም ዕድል ቀንቶት ወይም ልቤ ነግሮኝ ነው ብሎ ወንጀል መፍታት አይችልም። ቄስ ሰይጣንን ቢያባርር ሥራው ነው፤ ግን ከልብ ወለድ ማባረር ምን ይሉታል?

በአንጻሩ ደግሞ የሆልምስ ፈጣሪ አርተር ኮናን ዶይል አለ። ሐኪም ነው፤ ማስረጃ ሳያይ ንቅንቅ የማይል መርማሪ የፈጠረ ሰው ነው። እሱ ራሱ ግን ከሙታን ጋር ማውራት ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። ኮቲንግሊ በሚባል መንደር ሁለት ልጃገረዶች ክንፍ ካላቸው ጥቃቅን ፍጡራን ጋር ፎቶ ተነሣን ሲሉ አምኗቸው እ.ኤ.አ. በ1920 በመጽሔት ጻፈላቸው። ፍጡራኑ ከወረቀት ተቆርጠው በባርኔጣ መርፌ የተሰኩ ነበሩ። ልጆቹ አርጅተው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው ያመኑት። ሆልምስ ቢጠራ ኖሮ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይፈታው ነበር። ማን ይጥራው?

እኛ ደግሞ ልብ ወለድ እስኪጻፍ አልጠበቅንም። ሌባ ሻይ በአገር የታወቀ የምርመራ ሥራ ነበር። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ ይመጣል። መድኃኒት የገባበት ወተት ይጠጣና ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ እየወደቀ እየተነሣ ይሄዳል፤ ባለሙያው ገመዱን ይዞ ከኋላ፣ ሰፈሩ ደግሞ ከባለሙያው ኋላ። ልጁ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አለቀ። ቄስ ኖክስ ይህን ቢያዩ ትእዛዛቱን ቀዳደው ይጥሉ ነበር። በእርግጥ ሆልምስም ኮኬይን ይወጋ ነበር፤ ግን ቢያንስ ራሱን ነው የሚወጋው፣ የሰው ልጅ አያሰክርም። እኔ በዚያ ዘመን ብኖር አልጋዬን እንዳይመች አድርጌ ነበር የማነጥፈው።

ዛሬ አሻራ አለ፣ ካሜራ አለ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር አለ። ሰይጣኑ ግን ከምርመራው አልወጣም፤ ቦታ ነው የቀየረው። የእንግሊዙ ታሪክ በሰይጣን ጀምሮ መጨረሻ ላይ ሰው ሆኖ ይገኛል። የእኛው በሰው ይጀምርና መጨረሻ ላይ ሰይጣን ሆኖ ያርፈዋል። የወንጀል ዜና ስሙ። ተጠርጣሪው እጅ ከፍንጅ ተይዟል፣ ኤግዚቢቱ ከአልጋው ሥር ወጥቷል፣ ምስክሮች መጥተዋል፣ መዝገቡ ሊዘጋ ነው። ያኔ ሰውየው ቀና ብሎ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። ይሄ ግብረ አበር በስንት መዝገብ ላይ ተጠቅሷል! እስከዛሬ ግን አንድ መጥሪያ አልደረሰውም። ለሌላው ተጨማሪ 14 ቀን የሚጠይቅ መርማሪ ለእሱ ሲሆን አንድ ቀን አይጠይቅም።

እኛ ሰፈር የእድሩ መጋዘን ሌሊት ሌሊት ይንኳኳ ጀመር። ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ከዚያ ጸጥ። ጠዋት ሲታይ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፤ ከውስጥ ግን ትልቁ ጎላ ድስት የለም። ከሁለት ቀን በኋላ ድስቱ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ። ያውም ታጥቦ። ሰዉን ያስፈራው መታጠቡ ነው፤ በእኛ እድር ድስት እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም።

ወዲያው ተጠርጣሪ ተገኘ። በቅርብ ያረፉ አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዋጯቸውን ሳያዛንፉ ከፍለው በራሳቸው ሐዘን ላይ ወጥ ያለቀባቸው። እሳቸው ናቸው ተባለ። አንዲት እናትማ በሕልማቸው ወጥ ሲያማስሉ አይተዋቸዋል። «አነሰኝ አሉኝ» ብለው ሲናገሩ ሴቱ ሁሉ አማተበ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እንኳን በመጋዘኑ በኩል ማለፍ ትቶ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረ።

ይሄኔ አንድ መርማሪ ልብ ወለድ ያሰከረው ወጣት ማታ ማታ በሩ ሥር ዱቄት ነሰነሰ። በሦስተኛው ቀን ዱቄቱ ላይ ዱካ ታየ። የሲሊፐር ዱካ፣ የቀኙ ተረከዝ የተበላ። ሙት ሲሊፐር ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚል ክርክር ግማሽ ቀን ፈጀ። የዱካው ባለቤት የእድሩ ንብረት ክፍል ነበር፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ። ድስቱን በሌሊት እያወጣ ለሠርግ ቤት ሲያከራይ ኖሯል። ሠርገኞቹ ጨዋ ስለሆኑ አጥበው ይመልሳሉ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ሰውየው ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ። ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዱ ከንፈሩን አብሮት ያንቀሳቅስ ነበር።

«ሰይጣን አሳሳተኝ።»

ጉባኤው ከንፈሩን መጠጠ። ወጣቱ ብድግ ብሎ «የኪራዩን ብርስ ሰይጣን ነው የተቀበለው?» ሲል «አንተ ልጅ፣ ታላላቆችህ ባሉበት ቁጭ በል» ተባለ። ዱቄቱንም እንዲተካ ተወሰነበት፤ ለካ ከእድሩ ጆንያ ነው የወሰደው። ቀጥሎ ንብረት ክፍሉ ይቀየር የሚል ሐሳብ ቀረበ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጆቼ፣ ይሄን እንኳ ሰይጣን አሳስቶ ጨርሶታል። አዲስ ሰው ብንሾም እንደ አዲስ ሊጀምር አይደል?» አሉ።

በድምፅ ብልጫ በዚያው ቀጠለ።