እርማት፦ የሄሊኮፕተር ሶናር ከአየር ላይ አይሰራም

ሰሞኑን «ሄሊኮፕተሩ እየበረረ ድምፅ ወደ ባሕሩ ይለቅና ሰርጓጅ መርከቡን ያገኘዋል» የሚል ነገር እየተደጋገመ ነው። ከአየር ላይ በሬዲዮ ሞገድ ከሚፈልገው ራዳር ጋር ተምታቶ ይመስለኛል። ሶናሩ፣ ማለትም በድምፅ የሚፈልገው መሣሪያ፣ ግን የሚሰራው ውኃ ውስጥ ነው። ሄሊኮፕተሩ አየር ላይ ባለበት ይቆምና መሣሪያውን በገመድ አውርዶ ይነክረዋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይሉ ኤምኤች-60አር ሄሊኮፕተር እንዲህ ያደርጋል። እየበረረ የሚጥላቸው ተንሳፋፊ መሣሪያዎችም ቢሆኑ የሚያዳምጡት ውኃ ውስጥ ሆነው ነው።

ድምፅ ከአየር ወደ ውኃ ሲመጣ ከ99 በመቶ በላይ ጉልበቱ ከውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። እዚያው ውኃ ውስጥ ከተነሳ ግን በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በአየር 340 አካባቢ ነው።

ለመሞከር ደግሞ እኛ ጎንደሮች ባሕር አያስፈልገንም። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዘሎ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጭንቅላት ሲጠልቅ ያ ሁሉ እልልታ ድፍን ይላል። ወይም ጎርጎራ ወርዳችሁ ጆሯችሁን ጣና ውስጥ ንከሩ። ጓደኛችሁ ራቅ ብሎ ሁለት ድንጋይ ውኃ ውስጥ ያጋጭ። ጠቅ! ጆሯችሁ ስር ያለ ይመስላል። ከውኃ በላይ ሲያጋጨው ግን እምብዛም አይሰማም። (ዳር ዳሩን ብቻ፤ ጉማሬ አለ።)

ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም «አንድ ሄሊኮፕተር ባሕሩን በአንድ በረራ ጠርጎ ያየዋል» ወደሚል ድምዳሜ ይወስዳል። ሥራው መቆም፣ መንከር፣ ማዳመጥ፣ ገመዱን መሳብ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና መንከር ነው። መሣሪያውን ሲያለሙም አንዱ ራስ ምታት ይኸው ነበር፦ ሄሊኮፕተሩን በነፋስ መሃል፣ በጨለማ፣ ገመዱ ሳይወዛወዝ ባለበት ማቆም።