ወሬውን ሳይመልሱ ማለፍ ተገቢ አይደለም

ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በቀረበው ጽሑፍ፣ ጸሐፊው ክትባቱ ልጃገረዶችን ያመክናል የሚለውን ወሬ «አንዳንዶች እንደሚሉት» ብለው ብቻ ማለፋቸው በጣም አሳዝኖኛል። በ2011 ዓ.ም. ክትባቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምርም ብዙ ወላጆችን ያስፈራው ይኸው ወሬ ነበር። መካንነት እንደሚያስከትል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። እንዲያውም ማኅፀን እስከማስወጣት የሚያደርሰው ካንሰሩ ራሱ ነው! በስዊድን 1.7 ሚሊዮን ገደማ ሴቶችን የተከታተለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ88 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። በእርግጥ ከክትባቱ በኋላ የክንድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ አልፎ አልፎም ራስን መሳት ያጋጥማል፤ ከተወጉ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው እንዲቆዩ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ይህን እናቶችና አባቶች ከጤና ባለሙያ አፍ አስቀድመው ሊሰሙት ይገባል፤ ልጅቷ ደንግጣ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ አይደለም።