የትምህርት ቤቱ በር ዳግም ይከፈት

አንድ ዕድሜ ጠገብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወሩ ብዙውን ጊዜ የሚታሰብለት ዕጣ ሁለት ነው፤ ይፈርሳል፣ አለዚያም በቅርስነት ተመዝግቦ ይታጠራል። የመጀመሪያው ጉዳቱ ግልጽ ስለሆነ ተቃዋሚ አያጣም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም በሩ ላይ ቁልፍ፣ ግድግዳው ላይ የምዝገባ ጽሑፍ የተንጠለጠለበትን ሕንፃ «ዳነ» ብለን ፊታችንን ስናዞር፣ እሱ መፍረሱን በዝግታ ይቀጥላል።

እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ጀንበር አይወድቅም። አሸንዳው በደረቀ ቅጠል ይደፈናል፤ የዝናቡ ውኃ ሞልቶ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ልስኑ ያብጣል፤ ቆይቶም እርጥበቱ ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት ጫፉን ያበሰብሰዋል። ቤቱ ውስጥ ሰው ቢኖር ኖሮ በማግስቱ መሰላል አቁሞ ቅጠሉን የሚጠርግ አይጠፋም ነበር። ሰው በሌለበት ግን ነገሩ የሚታወቀው ጣሪያው ከጎበጠ በኋላ ነው።

ስለ ቅርስ ሕንፃዎች ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተር፣ በ5ኛው አንቀጹ፣ ቅርስን መጠበቅ የሚቀለው ሕንፃው ኅብረተሰቡን በሚጠቅም አገልግሎት ላይ ሲውል መሆኑን ይገልጻል፤ አገልግሎቱ ግን የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት ወዲያው ያስጠነቅቃል። ሁለቱ ተነጣጥለው መነበብ የለባቸውም።

ትምህርት ቤት ደግሞ ለመሰብሰቢያነት የተፈጠረ ቤት ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1932 ድረስ ለጥቁር ሕፃናት ወደ 5,000 የሚጠጉ «የሮዘንዋልድ ትምህርት ቤቶች» ተሠርተዋል። ጥቁር አሜሪካዊው የትምህርት መሪ ቡከር ቲ. ዋሺንግተን ሐሳቡን ሲያቀርቡ፣ ባለሀብቱ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ገንዘብ የሰጡት ነዋሪውም የበኩሉን እንዲያዋጣ በመጠየቅ ነበር፤ በድህነት ይኖሩ የነበሩት ጥቁር ነዋሪዎች ያዋጡት 4.7 ሚሊዮን ዶላር የሮዘንዋልድ ፈንድ ከሰጠው እንኳ ይበልጥ ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረ ረጃጅም መስኮቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ክፍሉን በብርሃን ይሞሉት ነበር፤ በብዙዎቹም ሁለት ክፍሎችን የሚለየው ግርዶሽ ተንቀሳቃሽ በመሆኑ፣ ሲገፋ ሰፊ የስብሰባ አዳራሽ ይገኛል። ከተረፉት መካከል በርካቶቹ ዛሬ የማኅበረሰብ ማዕከል ቢሆኑ አያስደንቅም፤ ሲሠሩም ለዚሁ ጭምር ታስበው ነበርና።

እድሳቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኖራ የተገነባ የድንጋይ ወይም የጡብ ግድግዳ የገባበትን እርጥበት በኖራው በኩል መልሶ ያስወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ድንጋዩ ራሱ መፈርፈር ይጀምራል። ለማሳመር ታስቦ በቅን ልቦና የተሠራ ሥራ ከዓመታት ቸልተኝነት የባሰ ጉዳት ሲያደርስ ማየት ያማል።

«አፍርሶ አዲስ መሥራት ይረክሳል» የሚሉ ወገኖች አሉ። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሒሳቡ ሲሠራ የቆመው ግድግዳ የወሰደው ድንጋይ፣ ነዳጅና ጉልበት፣ ፍርስራሹን ለማንሳት የሚወጣውም ወጪ መቆጠር አለበት። ደግሞም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማደስ ግዴታ አይደለም። ጣሪያው ከተጠገነና አንድ ክፍል ለንባብ ወይም ለጎልማሶች ትምህርት ከተከፈተ ሌላው ክፍል ተራውን መጠበቅ ይችላል፤ ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራው መግቢያም የፊት ገጽታውን ሳይነካ በጎን በኩል ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በፊት ግን ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ የየዓመቱ የጥገና ገንዘብም ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ይወሰን። የምረቃው ቀን ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ አሸንዳውን የሚጠርግ ሰው ካልተመደበ፣ ያ ደረቅ ቅጠል በሚቀጥለው የዝናብ ወቅት ተመልሶ ይመጣል።