በአልጋው ስንስቅ ክሬሙ በላን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ቆዳ ማቅሊያ ክሬም ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ፈረንጆቹ ብር ከፍለው መብራት የተደረደረበት አልጋ ውስጥ ይተኛሉ። ክዳን አለው፤ ሬሳ ሣጥን ይመስላል። ለምን? ለመጥቆር! እኛ ደግሞ ይህን ስንሰማ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «ከእኛ ትንሽ ቢበደሩ ምን ነበረበት?» አልን።

እነሱ ግን ነገሩን በቀልድ አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልጋውን ሲጋራ ካለበት መደብ አስገባው። ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው አለ። ብራዚል በዚያው ዓመት ከለከለችው። አሜሪካ ከጁላይ 2010 ጀምሮ 10 በመቶ ግብር ጣለችበት። (መጀመሪያ ግብሩ የታሰበው ለውበት ቀዶ ሕክምና ነበር። ሐኪሞቹ ሲጮኹ ወደ አልጋው ዞረ። ፖለቲካ እዚያም ያው ነው።)

እኛስ? አራስ ልንጠይቅ እንገባለን። ገንፎው ሳይቀርብ ጨርቁን ገለጥ አድርገን «ቀላ ያለች ናት አይደል?» እንላለን። ጆሮዋን አይተን «ቆይ፣ ትጠቁራለች» ብለን እንፈርዳለን። ልጅቱ ገና ሰባት ቀኗ ነው! አንተም ወንድሜ፣ ሰው ሲያስተዋውቁህ የመጀመሪያ ጥያቄህ «ቀይ ናት?» ነው። ጠይም ብለን በዘፈን እናሞግሳለን፣ ሠርግ ሲደርስ ሙሽራዋን ለማቅላት እንሯሯጣለን።

የአክስቴ ልጅ ሠርጓ ሦስት ወር ሲቀረው ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት ክሬም ገዛች። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው። ሻጯ ራሷ ደባልቃ በፕላስቲክ ዕቃ የሰጠቻት ነው። በሁለት ሳምንት ፊቷ በራ። ሁላችንም «ምን ተቀብተሽ ነው?» አልናት፤ እኔም ብያታለሁ። ሠርጉ አለፈና ክሬሙን ተወችው። ፊቷ ደም መሰለ፣ አበጠ፣ ቡግር ወረረው። ስትቀባው ይሻላታል፣ ስትተወው ይብሳል። የቆዳ ሐኪሟ ገና ሲያያት «ስቴሮይድ ነው» አላት።

ስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ክሎቤታሶል የሚባለው ከሚቀቡት ሁሉ ኃይለኞቹ ውስጥ ነው። ሶሪያሲስ ለሚባለው የቆዳ በሽታና ለጠና ችፌ፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። በየቀኑ ፊት ላይ ሲለቀለቅ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፀጉር ይበቅላል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ማቅሊያ ደግሞ ለዓመታት ከተቀቡት የሸሹትን ጥቁረት አብሶ ይመልሰዋል፤ ሰማያዊ ጥቁር፣ የማይለቅ። ደቡብ አፍሪካ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያ ውስጥ አገደችው። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ከሁሉ ይከፋል። ኩላሊት ይጎዳል። ትነቱና ንክኪው ያልተቀባውን ሕፃን ሳይቀር ያገኘዋል። «ለማዲያት ነው» እያላችሁ የምታታልሉ፣ ማዲያት እንኳ ሐኪም አለው።

ደግሞ የምንኖረው የት ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐዩ ጨረር ይበረታል። ጥቁረታችን ያለ ክፍያ የተሰጠን ጃንጥላ ነው። እሱን በገንዘባችን ቀደን ጥለን ፀሐይ ላይ እንወጣለን። እንግዲህ የፈረንጁ አልጋ ከዚህ በምን ይለያል?

«እኛም ግብር እንጣልበት» የሚሉ አሉ። አልጋው ላይ ይሠራ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ዋጋው ሲወደድ «ኦሪጅናል ነው» ይባላል፣ ይብስ ይፈለጋል። ደግሞስ በፌስታል ተደብቆ ከሚሸጥ ነገር ማን ግብር ይሰበስባል? ሜርኩሪ ከመደርደሪያው ይነሳ፤ ስቴሮይዱ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥ። እስከዚያው ሻጯን የሚያበለጽጋት የእኔና የእናንተ «ቀላሽ፣ አማረብሽ!» ነው። ይህቺን ቃል ለማቆም አዋጅ አንጠብቅም።

አሁን እየተቀባችሁ ያላችሁ፣ ደንግጣችሁ ዛሬውኑ አትጣሉት። ስቴሮይድ ከሆነ በድንገት ሲተው ይበቀላል። አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል አለላችሁ፤ ሌላው ቅርቡ ያለ የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂድ። ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ። አትፈሩ፣ ሐኪሙ ከእናንተ በፊት ብዙ አይቷል።