ፉኩሺማ እንደ ቦምብ አልፈነዳም

ጋሼ፣ «ጃፓን ያለውን የፉኩሺማ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የመሬት መንቀጥቀጡ እንደ አቶም ቦምብ አፈነዳው» ያሉት ጅማ ውስጥ በየቡና ቤቱ የሚደጋገም ወሬ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2003 መሬት ሲናወጥ ይሠሩ የነበሩት 3 ሪአክተሮች (ከኑክሌር ነዳጅ ሙቀት የሚያመነጩት ክፍሎች) ወዲያው በራሳቸው ቆመዋል። ጉዱ የመጣው ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ ሱናሚው የመከላከያውን ግንብ ተሻግሮ ምድር ቤት የነበሩትን፣ ለማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አጥለቀለቃቸው። የቆመ ሪአክተርም ቢሆን ነዳጁ መጋሉን አይተውም። ማቀዝቀዣው ሲቋረጥ ነዳጁ ቀለጠ፤ የፈነዳው በዚያ ሳቢያ የተጠራቀመው ሃይድሮጅን ጋዝ ነው። የጣቢያው ዩራኒየም ለቦምብ በሚበቃ ደረጃ የበለጸገ አይደለም።

ጉዳቱን ማቃለሌ ግን አይደለም። ከጣቢያው የወጣው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ ሲዚየም 137፣ በ30 ዓመት ግማሹ ብቻ ነው የሚጠፋው፤ የጫካ አፈርና እንጉዳይ ውስጥም ይቆያል። ቡናችን ጫካ ጥላ ሥር ለሚበቅለው ለእኛ፣ ከፍንዳታው ይልቅ የሚያሳስበው ይሄኛው ነው።