«ቤታችሁ መሳሪያ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የሆነብን ነገር

ባለፈው ኖቬምበር ሜሪላንድ አንድ ወዳጃችን ቤት ክርስትና ተጠርተን ሄድን። የሐበሻ ድግስ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ጫማው በር ላይ ተከምሯል፣ ጃኬቱ ሁሉ ፎቅ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ይጣላል፣ ትልልቁ ሰው ሳሎን ዶሮውና ክትፎው ጋር ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ከቤዝመንት ፎቅ ከፎቅ ቤዝመንት ሲሮጡ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ሰዓት አለ። ስንት ልጅ ነበር ብትሉኝ አላውቅም፣ አስራ ምናምን ይሆናል። ማታ ላይ ጃኬታችንን ከክምሩ ውስጥ ፈልገን፣ የተቋጠረልንን ይዘን፣ ተሳስመን ወጣን።

ሳምንት ቆይቶ የ9 ዓመቱን ልጄን ከኳስ ልምምድ ይዤው ስመለስ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ባባ፣ የእነ እንትና አባት ፖሊስ ነው እንዴ?» አለኝ። አይ ሊከር ስቶር ነው ያለው አልኩት። «ታዲያ ሽጉጥ ለምን አለው?» ቀይ መብራት ላይ ነበርኩ፣ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጡሩምባ እስኪነፋብኝ አላየሁትም። ለካ ጃኬት እንፈልጋለን ብለው አራት ሆነው ገብተው ከአልጋው አጠገብ ያለችውን ኮመዲኖ መሳቢያ ከፍተዋል። ሶስቱ አይተዋል፣ አንዱ አንስቶ ይዞታል። «ከበድ ይላል አለን» አለኝ፣ የሆነ አሪፍ ነገር እንደሚያወራ ሰው። ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም ስለው ደግሞ «ትቆጣላችሁ ብዬ ነዋ» አለ።

ይሄን የምጽፈው ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። ጥሩ ሰው ነው፣ ለሊት ሰርቶ የሚያድር፣ ሱቁ ውስጥ አፈሙዝ ተደቅኖበት የሚያውቅ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ሊከር ስቶር፣ ጋዝ ስቴሽን፣ ታክሲ ላይ የሚሰራ ሐበሻ ስንት እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ከዚህ በፊት መሳሪያ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ገዝቷል። ግዛ አትግዛ ማለት የኔ ስራ አይደለም። ያናደደኝ መልሱ ነው። ስደውልለት (ለመደወል ራሱ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ወደሱ እመለሳለሁ) ምን አለኝ፣ «ኧረ የኔ ልጆች አይነኩም፣ አስተምሬያቸዋለሁ፣ እኛስ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይደል ያደግነው?»

እውነቱን ነው፣ እኔም እንደዛው ነው ያደግኩት። ጎጃም አያቴ ቤት ምንሽሩ ከምሰሶው ላይ በማንገቻው ተንጠልጥሎ ነበር የሚውለው፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት ጥቁር ብሎ የሚያብለጨልጭ። ግን ያ ሰው ሲያስተምር የነበረውን እናስታውስ እንጂ። ባዶ ነው ተብሎ እንኳን አፈሙዙን ወደ ሰው ማዞር አይታሰብም፣ «ባዶውንም ሰይጣን ያጎርሰዋል» ይለን ነበር። እዚህ አሜሪካ የተኩስ ትምህርት ቤት ገንዘብ ከፍለህ መጀመሪያ የሚያስተምሩህ ህግ ይሄው ነው፣ ማንኛውንም መሳሪያ እንደጎረሰ ቁጠረው የሚለው፣ አያቴ በሰይጣን አድርጎ ነገረን እንጂ። ጥይቱ ደግሞ ጠመንጃው ጋር አይቀመጥም ነበር። ዝናሩ ሴት አያቴ ሳጥን ውስጥ ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ መቀነቷ ላይ ነው። ጥይት ውድ ስለነበር ይሆናል እንዲህ የተጠበቀው፣ ብቻ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ነገሩ ለየብቻ ተቆልፎ ነበር። እኛ ትዝ የሚለን ግድግዳው ነው፣ መቀነቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ረስተነዋል።

መሳሪያውም ያው አይደለም። ምንሽር ለማቀባበል የአዋቂ ክንድ ይፈልጋል፣ ርዝመቱ ራሱ ከልጅ ቁመት ይበልጣል። አሁን ኮመዲኖ ውስጥ የሚቀመጠው ግሎክ የሚባለው ሽጉጥ ግን መዳፍ ታህል ነገር ነች፣ ቀድሞ ጎርሶ ነው የሚቀመጠው፣ በጣት የሚገለበጥ ሴፍቲ የለውም፣ ሴፍቲው ቃታው ላይ ስለሆነ ቃታውን ስትስበው አብሮ ይለቃል። ቃታው ደግሞ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው የሚጠይቀው። ህጻን ልጅ በአንድ ጣት ባይችል አፈሙዙን ወደራሱ አዙሮ በሁለት አውራ ጣቱ ይገፋዋል። ይሄን ስጽፍ ራሱ ሆዴ ይረበሻል።

«አስተምሬዋለሁ» የሚለውን በተመለከተ በ2001 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ ካነበብኩት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆችን ሁለት ሶስት እያደረጉ አንድ ክፍል አስገቧቸው፣ መሳቢያ ውስጥ እውነተኛ ሽጉጥ ደብቀዋል፣ እንዳይተኩስ ተደርጎ ቃታው ሲሳብ ሬዲዮ ምልክት የሚሰጥ። ከመስታወት ጀርባ ሆነው አይተዋቸዋል፣ 15 ደቂቃ ነው የሰጧቸው። ከ29 ቡድን 21ዱ አገኙት። ካገኙት ውስጥ 16ቱ ቡድን አንስቶ ነካካው፣ 10ሩ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ አንድ ልጅ ቃታ ሳበ። አሁን ዋናው ነገር፣ ከነኩትና ከሳቡት ልጆች ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት ስለ መሳሪያ ጥንቃቄ የሆነ ነገር ተምረው ነበር። ካገኙት ልጆች ግማሽ የሚሆኑት መጫወቻ መስሎናል ወይ እርግጠኛ አልነበርንም ብለዋል። እስቲ ፎርትናይት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ የሚውል ልጅ ምን ይበል?

ስለዚህ ማስተማር ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ማስተማር ከቁልፍ ቀጥሎ ነው የሚመጣው ነው የምለው። ጋዝ ምድጃ አጠገብ ልጅን «አትንካ» እንለዋለን፣ ግን እጀታውን ወደ ውስጥ እናዞራለን እኮ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ ኒውፖርት ኒውስ የሆነውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ጃንዋሪ 2023 የአንደኛ ክፍል ተማሪ፣ 6 ዓመቱ፣ ክፍል ውስጥ መምህርቱን በሽጉጥ መታት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ልጁ ሽጉጡን እንዴት አገኘው ሲባል መሳቢያውን እንደ መሰላል ተጠቅሞ ቁምሳጥኑ ላይ ወጥቶ ከእናቱ ቦርሳ ውስጥ ነው የወሰደው። ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁለቱ እኮ እኛ ቤት «ደብቄዋለሁ» የምንላቸው ናቸው። እናቱ በፌዴራልም በስቴትም ተፈርዶባት ታሰረች።

ሚቺጋን ኦክስፎርድ ያለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኖቬምበር 2021 የ15 ዓመት ልጅ አባቱ ከአራት ቀን በፊት በገዛው ሽጉጥ አራት ተማሪ ገደለ። በ2024 እናትና አባቱ ሁለቱም ተከሰው ጥፋተኛ ተባሉ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በዚህ አይነት የትምህርት ቤት ግድያ ወላጅ ሲፈረድበት በዚህ ሀገር የመጀመሪያው ነው። ችሎቱ ላይ ከወጡት ነገሮች ሁለቱ አይረሱኝም። አንደኛው ቤት የነበረው ካዝና ኮዱ 0-0-0 ነበር፣ ከፋብሪካ እንደመጣ። ሁለተኛው ሽጉጡ ሲሸጥ አብሮ የሚሰጠው የኬብል ቁልፍ ከነላስቲኩ ሳይከፈት ተገኘ። አቃቤ ህጓ ያንን አይነት ቁልፍ ዳኞቹ ፊት አውጥታ እንዴት እንደሚገባ አሳየች፣ የሰከንዶች ስራ ነው።

እኔም የአጎቴ ልጅ ቤት ሞክሬዋለሁ። ካርታውን ታወጣለህ፣ ከላይ ያለውን ስላይድ ወደኋላ ስበህ አፉ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህ ታያለህ፣ ጣትህንም ከተህ ትዳስሳለህ፣ ከዚያ ኬብሉን ከላይ በተከፈተው አስገብተህ ካርታው በሚገባበት ታወጣውና ትቆልፈዋለህ። ኬብሉ እዚያ እያለ ስላይዱ አይዘጋም፣ ካርታም አይገባም፣ በቃ ብረት ነው። ከ2005ቱ የፌዴራል ህግ ወዲህ ሱቅ ሽጉጥ ሲሸጥ ቁልፍ አብሮ መስጠት ግዴታ ነው፣ ጠፋብኝ የሚል ካለ ብዙ ፖሊስ ጣቢያ ፕሮጀክት ቻይልድሴፍ በሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይሰጣል፣ ማነህ ከየት መጣህ የሚልህ የለም።

ህጉንም እወቁት። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን ሆኖ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት ያለበት መሳሪያ መተው ወንጀል ነው፣ ድሮ 16 ነበር። ቨርጂኒያ ለረጅም ጊዜ 14 ነበር፣ አሁን ያለውን አጣሩ። ሜሪላንድ «አላወቅኩም» አያዋጣም፣ ማወቅ ነበረብህ ነው የሚሉህ። ግሪን ካርድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የመሳሪያ ክስ ለኢሚግሬሽን ጉዳዩ ምን እንደሚያመጣበት ጠበቃውን ይጠይቅ፣ እኔ እንዲህ ነው አልልም።

አሁን ሁሌ የሚነሳው ጥያቄ፣ «ሌባ ሲገባ ቁልፍ ስፈልግ ልሙት?» ጥያቄው ልክ ነው፣ አልስቅበትም። ለዚህ ነው በቁጥር ወይ በአሻራ የምትከፈት ትንሽ ሳጥን ያለችው፣ አልጋ ስር ወይ ኮመዲኖው ላይ በብሎን ትታሰራለች፣ የለመደ ሰው ጨለማ ውስጥ በሰከንዶች ይከፍታታል። ዋጋዋ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጥንድ ናይኪ ጫማ አይበልጥም፣ ጫማውን ለልጁ ሳናቅማማ እንገዛለን። ብቻ አሻራውን ገዝታችሁ ስታመጡ መዝግቡት፣ በ2023 ፎርትረስ የሚባል ኩባንያ 61 ሺ ያህል ካዝና ከገበያ እንዲሰበሰብ የተደረገው አሻራ ካልተመዘገበበት ለማንም ጣት ስለሚከፈት ነው። ኮድ ከሆነም የልጃችሁን ልደት አታድርጉ፣ እሱን ከናንተ በላይ የሚያውቀው ልጁ ነው።

ትልልቅ ልጅ ያላችሁ «የኔ 16 ዓመቱ ነው፣ ይገባዋል» ትላላችሁ። እኔ እንደውም የምፈራው ለሱ ነው። ከ2020 ጀምሮ በዚህ ሀገር ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉትን በመግደል መሳሪያ ከመኪና አደጋ በልጦ አንደኛ ሆኗል፣ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ግድያ ነው፣ ቀጥሎ ግን ራስን ማጥፋት ነው፣ ህጻን ሲጫወት የሚደርሰው አደጋ ከሁለቱም ያነሰ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ልጅ ከፍቶት ክፍሉን ዘግቶ ሲቀመጥ «ጎረመሰ» ነው የምንለው። መጥፎዋ ሰዓት ብዙ ጊዜ ታልፋለች፣ ልጁ ከሰዓታት በኋላ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ መሳሪያ እጁ ከገባ ግን አስር ከሞከሩት ዘጠኙ አይመለሱም። የተቆለፈ ሳጥን ለዚያች ሰዓት ነው። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከሸተታችሁ መሳሪያውን ለጊዜው ከቤት አውጡት፣ 988 የሚባለው ራስን ማጥፋት ላሰበና ለተጨነቀ ሰው የእርዳታ መስመር ደግሞ ቀን ከሌት በስልክም በቴክስትም ይሰራል።

ወደ ይሉኝታችን ልመለስ፣ ሁለት ቀን ስልኩን ይዤ ስዞር ወደከረምኩበት። ልጃችን ሰው ቤት ስሊፕኦቨር ሲሄድ ለውዝ እንደማይበላ እንናገራለን፣ ውሻ አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን፣ መዋኛ ገንዳ ካላቸው አጥር አለው ወይ እንላለን። «መሳሪያ አለ ወይ፣ ተቆልፏል ወይ» ማለት ግን ሰውየውን ወንበዴ ማለት ይመስለናል። ባለቤቴ አንድ መላ አመጣች፣ ከራሷ ትጀምራለች። «እኛ ቤት ውሻ የለም፣ መሳሪያ የለም፣ ቤዝመንቱ ደረጃ ብቻ ትንሽ ያዳልጣል፣ እናንተ ጋርስ?» ትላለች፣ እንደ ወሬ። እስካሁን የተቆጣት የለም። አንዷ እናት እንደውም «ውይ እኔም ልጠይቅ እያልኩ አፍሬ» አለቻት። ድግስ የምትጠሩ ደግሞ ባትጠየቁም ጃኬት የሚጣልበትን ክፍል ቀድማችሁ እዩት።

ለልጆቹስ ምን እንበል? እዚህ ትምህርት ቤት የሚባለው አራት ነገር ነው፣ ቁም፣ አትንካ፣ ከዚያ ውጣ፣ ለአዋቂ ንገር። እኛ ቤት የሚሰበረው አራተኛው ላይ ነው። ልጄ አልነካም፣ ከክፍሉም ወጥቷል፣ ሳይናገር ግን አንድ ሳምንት ይዞት ከረመ፣ ምክንያቱም እኛ ቤት መጥፎ ወሬ ይዞ የመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አንተስ እዚያ ምን ትሰራ ነበር?» ተብሎ ነው። ያን ቀን መኪና ውስጥ ይሄው ጥያቄ ከአፌ ሊወጣ ሲል ነው የዋጥኩት። ማታ ቁጭ ብለን በእንግሊዝኛም በአማርኛም ነገርኩት፣ ሽጉጥ አየሁ ብለህ ስትመጣ የት ነበርክ፣ ማን መሳቢያ ክፈት አለህ አልልህም፣ ጓደኛህን አጋለጥክ የሚልህም የለም አልኩት። «እማዬስ?» አለኝ። እሷንም ጠርተን አስማልናት።

ወዳጄ ግን ተቀይሞ ነበር። ለገና በዓል አልተጠራራንም፣ ጥምቀትም እንዲሁ አለፈ። ፋሲካ ሌላ ሰው ቤት ስንገናኝ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ዶሮ አጎረሰኝ፣ ነገሩን አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። ስንወጣ ባለቤቱ በር ላይ ጫማ ስታደርግ ወደኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ሳጥን ገዝቷል፣ አልጋው እግር ላይ አሰረው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ጎሽ ልላት ስል ቀና ብላ አየችኝና «የመኪናውስ ግን?» አለች።